ባሩ ሲዘጋ ያልቃል፤ ስልኩስ?

በአሜሪካ ማክሰኞ ማታ ለባር ባለቤት የሞተ ቀን ነው። ቅዳሜ ወንበር የሚያጣው ደንበኛ ዛሬ ቤቱ ቁጭ ብሏል፤ አስተናጋጇ ስልኳን ትነካካለች፤ ቴሌቪዥኑ ለባዶ ወንበር ያወራል። ኪራይና ደሞዝ ግን ማክሰኞ ነው ብሎ አይቀንስም። አማተር የባር ፖከር የሚባለው ውድድር ቦታ ያገኘው እንደዚህ ባሉ ምሽቶች ነው። ሃያ ምናምን ሰው ይመጣል፤ መካኒክ አለ፣ ነርስ አለች፣ ጡረታ የወጣ አስተማሪ አለ፣ ገና ሥራ የጀመረ ልጅ አለ። ሦስት ጠረጴዛ ላይ ይከፋፈሉና ሦስት ሰዓት ያህል ካርታ ይጫወታሉ። መግቢያ አይከፍሉም፣ ገንዘብ አያስይዙም። ያሸነፈው የሚያገኘው የቤቱን የምግብ ኩፖን፣ ቲሸርት ወይም ለማጠቃለያው ውድድር የሚቆጠርለት ነጥብ ነው። ሲያልቅ ቺፕሱ ወደ ሳጥኑ ይመለሳል፣ ሰውም ወደ ቤቱ ይሄዳል።

«ታዲያ ይሄ እኛን ምን አገባን?» ትሉ ይሆናል። ፖከር ላስተምራችሁ አይደለም፤ አገር ቤት እናምጣውም አልልም። ያገባናል የምለው፣ እዚህ እኛ ጋ በስልክ በኩል ኪሳችን ውስጥ የገባው ቁማር ምን እንደጎደለው ለማየት ይህን ጨዋታ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ስለሚጠቅም ነው። ሁለቱም ዕድል አለባቸው፣ ሁለቱም ያጓጓሉ፣ ሁለቱም ሰዓት ያስረሳሉ። አንደኛው ግን ስንት ልታጣ እንደምትችል ገና ሳትቀመጥ ይነግርሃል።

ጨዋታውን ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ቴክሳስ ሆልደም ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2007 የቴክሳስ ምክር ቤት ሮብስታውን የምትባለውን ትንሽ ከተማ የጨዋታው የትውልድ ቦታ ብሎ እውቅና ሰጥቷታል። ለእያንዳንዱ ተጫዋች ሁለት ካርታ በድብቅ ይታደላል። መሀል ላይ ደግሞ ለሁሉም የሚሆን አምስት ካርታ ይገለጣል፤ መጀመሪያ ሦስት፣ ቀጥሎ አንድ፣ በመጨረሻም አንድ። ከሰባቱ ካርታ ምርጥ አምስት የሠራ ያሸንፋል። ወይም ምንም ሳይኖረው በብለፋ ሌሎቹን አስፈራርቶ ያስወጣ። ቺፕስ ስላችሁ የድንቹ እንዳይመስላችሁ፤ በገንዘብ ምትክ የሚያዝ ክብ ፕላስቲክ ነው። ሁሉም እኩል ይዞ ይጀምራል፣ ያለቀበት ከወንበሩ ይነሳል፣ መጨረሻ ላይ ብቻውን የቀረው ያሸንፋል። ከባሩ በር ውጪ ያ ፕላስቲክ አምስት ሳንቲም አያወጣም።

ይህ ነገር በሕግ ቁማር ነው አይደለም የሚለው ክርክር ራሱ አስተማሪ ነው። በአብዛኛው የአሜሪካ ሕግ አንድ ጨዋታ ቁማር ለመባል ሦስት ነገር ይፈልጋል፤ ተጫዋቹ የሚከፍለው ነገር፣ ዕድል፣ ሽልማት። ሦስት ጉልቻ በሉት። አንዱን ካነሳችሁት ድስቱ አይቀመጥም። የባር ፖከር አዘጋጆች ያነሱት የመጀመሪያውን ነው፤ ማንም አይከፍልም። ለዚህ ነው ጠንቃቃ የሆነ አዘጋጅ «ለመጫወት ቢራ መግዛት ግዴታ ነው» የሚል ነገር ከአፉ የማይወጣው። ግዴታ ከሆነ ቢራው ክፍያ ሆነ ማለት ነዋ። አንዳንድ ቦታ ምግብ ላዘዘ ሰው ተጨማሪ ቺፕስ ይሰጣል። ይሄ እንደኔ የተነሳውን ጉልቻ በጓሮ በር መልሶ ማስገባት ነው።

ብሪታንያ ሌላ መንገድ ነው የሄደችው። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው የቁማር ሕጓና እሱን ተከትለው የመጡት ደንቦች መጠጥ ቤት ውስጥ በገንዘብ ፖከር መጫወትን አልከለከሉም፤ ጣሪያ አበጁለት እንጂ። አንድ ሰው በአንድ ጨዋታ ከ5 ፓውንድ በላይ ማስያዝ አይችልም። በአንድ መጠጥ ቤት በአንድ ቀን የሚያዘው ገንዘብ ተደምሮ ከ100 ፓውንድ አያልፍም። ሃያ ሰው አምስት አምስት ፓውንድ ካስያዘ የቀኑ ኮታ አለቀ፣ በቃ። ባለቤቱ የመጫወቻ ክፍያ አይጠይቅም፣ ከተያዘው ብርም ለራሱ አይቆርጥም። ከ18 ዓመት በታች የሆነ አይጫወትም። እዚህ ላይ የምትወደኝ ነገር፣ ሕጉ «ቁማር መጥፎ ነው» ብሎ ስብከት ውስጥ አለመግባቱ ነው። ቁጥር አስቀመጠ፣ ቤቱንም ከተጫዋቹ ኪስ አራቀው።

ወደ ዋናው ሰውዬ ልምጣ፤ ወደ አዘጋጁ። ስለ ፖከር የተሠሩ ፊልሞች ይህን ሰው አያሳዩትም፤ የሚያሳዩት ጥቁር መነጽር ያደረገውን ነው። ባር ውስጥ ግን ምሽቱ ጥሩ ይሁን መጥፎ የሚወስነው አዘጋጁ ነው። ሥራው ሰዎቹ ከመምጣታቸው በፊት በሒሳብ ይጀምራል። 24 ሰው አለ እንበል። ለእያንዳንዱ 5,000 ቺፕስ ቢሰጥ በድምሩ 120,000 ነው። በየዙሩ ሁለት ተጫዋቾች ካርታቸውን ሳያዩ በግድ የሚያስቀምጡት መነሻ አለ፤ «ብላይንድ» ይሉታል። ትልቁ ብላይንድ በ50 ይጀምርና በየ15 ደቂቃው ያድጋል፤ 100፣ 200፣ 300 እያለ። አዘጋጆች በልምድ የሚይዙት ግምት አለ፤ ትልቁ ብላይንድ ከጠቅላላው ቺፕስ አንድ ሃያኛ ገደማ ሲደርስ ውድድሩ ወደ ማለቂያው ነው። የ120,000 አንድ ሃያኛ 6,000 ነው። ከ50 ተነስቶ እዚያ ለመድረስ 13 እርከን ካስቀመጠ፣ 13 ጊዜ 15 ደቂቃ ሦስት ሰዓት ከሩብ ይሆናል። በእኛ አቆጣጠር ማታ 1 ሰዓት ከተጀመረ 4 ሰዓት ከሩብ አካባቢ ወንበሩ ይነሳል ማለት ነው።

ልብ በሉ፤ አንድ ካርታ ሳይታደል ይህ ሰው እንግዶቹ ስንት ሰዓት ላይ ወደ ቤታቸው እንደሚሄዱ ያውቃል። ማለቂያው ጨዋታው ውስጥ ተሠርቶ ገብቷል። ብላይንዱ እያደገ ሲሄድ ተደብቆ መቀመጥ አይቻልም፤ ቺፕስህ ቁጭ ባልክበት ያልቃል። ሰዓቱ ራሱ «በል ተነስ» ይልሃል።

ከዚያ ጭቅጭቁ ይመጣል። ባር ውስጥ ደሞዝ የሚከፈለው ካርታ አዳይ ስለሌለ ተጫዋቾቹ በየተራ ይበውዛሉ፣ በየተራ ያድላሉ። ካርታ ይገለበጣል፣ ሰው ተራው ሳይደርስ ይናገራል፣ አንዱ ቺፕስ በሁለት ጊዜ እየገፋ የሌላውን ፊት ያነባል። ከሁሉም የሚያጣላው ደግሞ ሦስት ሰዎች እኩል ባልሆነ ቺፕስ ሁሉንም ሲያስይዙ ነው። አንዱ 1,000፣ ሁለተኛው 3,000፣ ሦስተኛው 5,000 አለው እንበል። የመጀመሪያው ቢያሸንፍ ሁሉንም ይጠርጋል? አይጠርግም። ከእያንዳንዱ 1,000 ተወስዶ 3,000 ዋናው ክምር ይሆናል፤ ሦስቱም ይወዳደሩበታል። ከሁለቱ ሌላ 2,000፣ 2,000 ተወስዶ 4,000 የጎን ክምር ይሆናል፤ እሱ የሁለቱ ብቻ ነው። የቀረው 2,000 ለባለቤቱ ይመለሳል። 1,000 ይዞ የገባ ሰው ከእያንዳንዱ ተፎካካሪ ከ1,000 በላይ መውሰድ አይችልም። ደንቡ ፍትሐዊ ነው፤ ሁለት ቢራ ለጠጣ ሰው ማስረዳት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። አዘጋጁ ድምፁን ሳይጨምር፣ ቺፕሱን በእጁ እየከፋፈለ ያሳያል።

ሌላም አለው። አንዱ ጠረጴዛ አምስት ሰው፣ ሌላው ስምንት ሲቀረው «አንተ ተነስ፣ እዚያ ሂድ» ይላል፤ የተመቸው ወንበር ላይ ያለ ሰው ደግሞ መነሳት አይወድም። ጓደኛ ከኋላ ቆሞ «ግባበት! ግባበት!» ሲል ዝም ያሰኛል፤ አንድ እጅ ካርታ የአንድ ሰው ነው። ካርታ የያዘ ሰው ስልክ እንዳይነካም ይከላከላል። እ.ኤ.አ. በ2001 የተመሠረተው የፖከር ውድድር አዘጋጆች ማኅበር ባወጣቸው ደንቦች የመጀመሪያው ላይ ያስቀመጠው ስለ ካርታ አይደለም፤ ውሳኔ ሲሰጥ ፍትሐዊነትና የጨዋታው ጥቅም እንደሚቀድም ነው። ብዙ ባር ውስጥ አዘጋጁ ራሱም ይጫወታል፤ ይሄ አይመቸኝም። ዳኛው ጎል የሚያገባበት ሜዳ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

የዚህ ሁሉ ሰው ጉጉት ከየት መጣ ካላችሁ፣ ትልቁ መልስ አንድ የሒሳብ ሠራተኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ክሪስ መኒሜከር የሚባል የቴነሲ ሰው (የቤተሰቡ ስም በእርግጥም «ገንዘብ ሠሪ» እንደማለት ነው) 86 ዶላር ከፍሎ በኢንተርኔት የማጣሪያ ውድድር ገባ። እየተጠራቀመ ላስ ቬጋስ ያለው፣ መግቢያው 10,000 ዶላር የሆነው የዓለም ዋና ውድድር ላይ ደረሰ፤ 839 ሰው ከተሰለፈበት አንደኛ ወጥቶ 2.5 ሚሊዮን ዶላር ወሰደ። በካሜራ የተደበቀውን ካርታ ሳይቀር ተመልካች በቴሌቪዥን አየው። ከዚያ በኋላ ሁሉም ሰው «እኔስ?» አለ። በ2006 እዚያው ውድድር ላይ የተመዘገበው ሰው 8,773 ደረሰ። የባር ውድድሮችም በዚያው ማዕበል በአሜሪካ፣ በካናዳ፣ በአውስትራሊያና በብሪታንያ ተስፋፉ።

የመኒሜከር ታሪክ እውነት ነው። ችግሩ አነጋገሩ ላይ ነው። እኛም ሰፈር «በ20 ብር ትኬት ይሄን ያህል ሺህ በላ» የተባለ ልጅ አለ፤ በቴሌግራም ስክሪንሾቱ ይዞራል። የተቃጠለ ትኬት ግን ስክሪንሾት የለውም። የ86 ዶላሩን ሰው ስም ሃያ ዓመት አልፎም እናውቀዋለን፤ ያንኑ ማጣሪያ ከፍለው የወደቁትን ማን ይቆጥራል?

ባር ውስጥ በነጻ የሚጫወት ሰው ይህን በሰውነቱ ይማረዋል። ፖከር ላይ ምርጡ አጀማመር ሁለት አስ ማግኘት ነው። ከ221 አንዴ ነው የሚመጣው። ተጫዋቾቹ ራሳቸው በሚያድሉበት ምሽት በሦስት ሰዓት ውስጥ 75 ጊዜ ያህል ካርታ ቢታደል፣ ብዙውን ምሽት ሁለት አስ ሳታይ ቤትህ ትገባለህ። ደግሞ መጥታልህ፣ ሁለት ንጉሥ ከያዘ ሰው ጋር ሁሉንም ብታስይዝ፣ ከ100 ጊዜ ወደ 18 ጊዜ ትሸነፋለህ። ምንም ሳታጠፋ። ያ ነገር ሲደርስብህ የምታጣው ፕላስቲክ ነው፤ ተነስተህ ኮካህን ጨርሰህ የሌሎቹን ታያለህ። «ትክክል ወስኜም ልሸነፍ እችላለሁ» የሚለው ነገር በደሞዝ ሳይሆን በፕላስቲክ ሲገባህ እንዴት ያለ ርካሽ ትምህርት ነው!

አሁን ወደ ኪሳችን። ቅዳሜ ከሰዓት ስልኩ ላይ አሥር ጨዋታ ደርድሮ ትኬት የሚቆርጥ ልጅ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ምናልባት ይህን እያነበበ ነው። አንድ ምሳሌ እንሥራ። ለአንድ ጨዋታ ባለሜዳው ካሸነፈ 2.50፣ አቻ ከወጡ 3.20፣ እንግዳው ካሸነፈ 2.80 ኦድ ተቀምጧል እንበል። 1ን ለእያንዳንዱ ኦድ አካፍሉት፤ ካልኩሌተሩ እዚያው ስልካችሁ ላይ ነው። 40 በመቶ፣ 31.25 በመቶ፣ 35.7 በመቶ ገደማ ይመጣል። ደምሩት፤ ወደ 107 ይጠጋል። የሦስቱ ውጤቶች ዕድል ግን ተደምሮ 100 ነው መሆን ያለበት። ትርፏ 7 የቤቱ ናት። አንድ ጨዋታ ላይ አትታይም። አሥር ስትደረድር ግን 1.07 አሥር ጊዜ በራሱ ይባዛል፤ ወደ 1.97 ይሄዳል። ሁሉም ገብቶልህ እንኳ የሚከፈልህ በልኩ ሊከፈልህ ከሚገባው ግማሽ ገደማ ነው።

መግባቱስ? አሥሩም ጨዋታ እያንዳንዳቸው 60 በመቶ የመግባት ዕድል አላቸው ብለን ለጋስ እንሁን። አሥሩም አብረው የሚገቡት ከ1,000 ትኬት በ6ቱ ነው። «አንዷ ናት ያቃጠለችብኝ፣ በአንዷ ነው የተበላሁት» እያለ ሌሊቱን የሚብሰለሰል ልጅ ይህን አልሰማም። በስሌቱ ከአሥሩ አራቱ መቃጠል ነበረባቸው። አንዷ ብቻ ከተቃጠለች እንዲያውም ዕድለኛ ነበር። ግን «ለትንሽ ነው የሳትኩት» የሚለው ስሜት ነው እሑድን የሚያስቆርጠው፤ እሑድ ደግሞ ማክሰኞን።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ባሩ ውስጥ ማን እንዳሸነፈ ለቤቱ ግድ አይሰጠውም፤ ትርፉ ከበርገሩ ነው። አንተን የሚያሸንፍህ ፊት ለፊትህ የተቀመጠ፣ እንዳንተ የሚሳሳት ሰው ነው። ስልኩ ላይ ግን ባላጋራህ ዋጋውን የቀመረው ቤት ነው። ብላይንድ የሚጨምር ሰዓት የለም፤ ጨዋታው ካለቀ ኮምፒውተር የፈጠረው የእግር ኳስ ግጥሚያ ይመጣል፣ እሱ ካለቀ አውሮፕላኗ ትነሳለች። «በል ተነስ» የሚል ሰው የለም። የስልኩ ገንዘብ አንድ ጣት ርቀት ላይ ነው። ባሩ ቢያንስ ይዘጋል። ብቻህን ብርድ ልብስ ውስጥ ሆነህ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ የመጨረሻዋን 50 ብር ስታስገባ የሚያይህ የለም፤ ጠረጴዛ ላይ ቢሆን ኖሮ አንዱ «አንተ ልጅ፣ ምን ሆነሃል?» ይልህ ነበር።

እናቶቻችን ይህን ቢያነቡ «ካርታ ካርታ ነው፣ ቁማር ቁማር ነው» ይላሉ። ሙሉ በሙሉ ተሳስተዋል ማለት አልደፍርም። ነጻ የሚባለው ምሽት ከሦስት ቢራ ጋር ነጻ አይደለም፤ ገንዘብ ያልያዘው ሰው አልኮል ይዞ ይሄዳል፣ አንዳንዱም መኪና ይዞ። ደግሞ መሰላል አለው። ባር ላይ ነጥብ የሰበሰበ ሰው የገንዘብ ውድድር ያምረዋል፤ አንዳንድ ሊግም ሽልማቱን ራሱ የካሲኖ ውድድር መግቢያ ያደርገዋል። በነጻ ጥሩ የተጫወተ ሁሉ በገንዘብ ጥሩ ይጫወታል ማለት አይደለም። ምንም በማይጠፋበት ጠረጴዛ ላይ ሰው በመጀመሪያው ካርታ ሁሉንም አስይዞ ስቆ ይነሳል፤ እንዲህ ካለ ሰው ላይ የተገኘ ድል ውሸተኛ አስተማሪ ነው። ስለዚህ ነጻ ፖከር መድኃኒት ነው አልልም፤ በተለይ በቁማር ለተጎዳ ሰው ካርታ ያለበት ክፍል ውስጥ አለመግባት ይሻለዋል።

ግን አደረጃጀቱ ያለ ካርታም ይሠራል። ሰፈራችን ውስጥ ጆተኒ አለ፣ ፑል ቤት አለ፣ ፕሌይስቴሽን ቤት አለ፣ ዳማ የሚጫወቱ ሽማግሌዎች አሉ። ብዙዎቹ ጋ ሰኞና ማክሰኞ ጭር ይላል፣ እንደ አሜሪካው ባር። የፕሌይስቴሽን ቤት ባለቤት በጭር ቀን 16 ልጆችን በነጻ ቢያወዳድር፣ በጥሎ ማለፍ 15 ግጥሚያ ነው። ሁለት ስክሪን ካለውና ግጥሚያው ከነመቀያየሪያው 15 ደቂቃ ከፈጀ፣ እስከ ግማሽ ፍጻሜ ያሉትን 14ቱን ሁለት ሁለት እያደረገ በሰባት ዙር ይጨርሳል፤ ከነፍጻሜው ሁለት ሰዓት። ለአሸናፊው የአንድ ሳምንት ነጻ መጫወቻ ይስጠው፣ ነጥቡን ግድግዳ ላይ ይለጥፈው። እሱ ከሻይና ከሳምቡሳው ያገኛል። ልጆቹ በውድድሩ ላይ እርስ በርስ ብር እንዳያስይዙ መከልከል አለበት፤ በጎን «በመቶ ብር» መባባል ከተጀመረ ጉልቻው ተመልሶ መጣ። ጠዋት ትምህርት ስላለ ማታ 2 ሰዓት ላይ ማለቅ አለበት፤ ስለዚህ 12 ሰዓት ላይ ይጀመር፣ አርፍዶ የመጣ ለሚቀጥለው ሳምንት ይመዝገብ። ሰዓቱን የሚይዘውና የሚዳኘው ልጅ ደግሞ በዚያ ቀን ባይጫወት ጥሩ ነው።